የእናቲቱ ጥያቄ፦ ልጃቸውን «ለማስለወጥ» ሜምፊስ የላኩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ፊልሙን ያዩት ብዙዎች ናቸው። በ2018 ለሲኒማ የቀረበ የአሜሪካ የቤተሰብ ድራማ ነው፤ የሰባኪ ልጅ ወንድ እንደሚወድ ቤተሰቡ ይሰማል፣ ወላጆቹም «ይለውጠዋል» ወደተባለ ሃይማኖታዊ ተቋም ይልኩታል። ከፊልሙ ሁለት ዓመት ቀድሞ ልጁ ራሱ የጻፈው ማስታወሻ ታትሟል። ከመጽሐፉም ከፊልሙም በፊት ግን በ2004 በጋ በእውነት የተፈጸመ ታሪክ ነበር። እዚህ የማየው ያንን ነው። ሰዎቹ በአደባባይ የሚታወቁ ቢሆኑም ስማቸውን አላነሣም፤ ለተማሪው የሚጠቅመው ምን እንደተደረገ እንጂ ማን እንዳደረገው አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብዬ ከምገልጸው ከአንዱ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን የመረጥሁት ጭካኔ ስለበዛበት አይደለም፤ ከዚህ የባሱ ሞልተዋል። የመረጥሁት አንድም ሰው ልጁን ሊጎዳ ሳያስብ፣ እንዲያውም ሁሉም ሊያድነው እየተሯሯጠ፣ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ እርምጃ በእርምጃ ስለሚታይበት ነው። ደግሞም በመካከሉ አንዲት ሐኪም እውነቱን ተናግራ ነበር፤ ሰሚ አጣች እንጂ።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛ ለእነዚህ ሰዎች የለመድነው ስም ስድብም የወንጀል ክስም ስለሆነ በጉዳይ ጥናት ውስጥ አይሠራም፤ «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» እላለሁ። «ሕክምና» የሚለውን ግን በትእምርተ ጥቅስ አስገባዋለሁ። ሐኪም የሌለበትን፣ በሽታም ያልተገኘበትን ነገር ሕክምና ማለት ይከብደኛል።

ቤተሰቡ

ቤተሰቡ የሚኖረው በአርካንሶ ግዛት፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ ነው። አባትየው መኪና ሻጭ ነበር። በሚሲዮናዊ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ሰባኪ ሆኖ ለመሾም በመዘጋጀት ላይ ነበር። ልጃቸው አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለእነሱ የእሑድ ጉዳይ ብቻ አልነበረችም፤ የመኪናው ደንበኛም፣ የማዕዱ እንግዳም፣ ሲቸግር የሚማከረውም ሰው ከዚያው ነው። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚያም አለ። ሊሾም ያለ ሰባኪ ደግሞ የይሉኝታው ሸክም እጥፍ ነው፦ ቤቱን ያላቀና እንዴት ጉባኤ ያቀናል ይባላልና።

ልጁም ቢሆን ከዚያው ዓለም የወጣ ነው። ያነባል፣ ይጸልያል፣ አጫጭር ልብ ወለድ ይሞክራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የሴት ጓደኛ ነበረችው። ለወንድ የሚሰማውን ለማንም አልተናገረም።

የስልክ ጥሪው

ልጁ ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌላ ተማሪ አስገድዶ ደፈረው። ከዚያም ይኸው ተማሪ ወደ ልጁ እናት ስልክ ደውሎ፣ ልጅሽ ወንድ ይወዳል ብሎ ነገራት።

ከጉዳዩ ሁሉ እጅግ የሚያስተምረኝ ይህ ቦታ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በዚያ ሰሞን በልጁ ላይ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው በእሱ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው። ሁለተኛው የእሱ የፍቅር ዝንባሌ። ቤተሰቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በኋላም ተቋሙ አፋጣኝ መፍትሔ ያስፈልገዋል ብለው የተረባረቡት በሁለተኛው ላይ ነበር። ደፋሪውን የጠየቀው የለም፤ ተደፋሪው ግን የሕይወቱን ታሪክ በጽሑፍ እንዲናዘዝ ተደረገ። ልጁ ነውሩን ፈርቶ ዝም አለ። ዝምታውም ለደፋሪው ከለላ ሆነለት። ወላጆች «ልጄ ምን ሆነ?» ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የከፋ ምሳሌ አላውቅም።

አባትየው ያደረገው እሱ በነበረበት ዓለም የሚጠበቅበትን ነው፤ ከእሱ የሚበልጡ ሰባክያንን አማከረ። የተሰጠው ምክር ልጁን በቴነሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ ወዳለው ተቋም መላክ ነበር። ለልጁ የቀረበለት ምርጫ ከሁለት አንድ ነው፦ ወይ ፕሮግራሙን ይገባል፣ ወይ ቤቱንና የትምህርቱን ወጪ ያጣል። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። እሺ አለ። ይህን ፈቃደኝነት ማለት ይቻል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሐኪሟ

ወደ ሜምፊስ ከመሄዱ በፊት ወላጆቹ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ የወንድነት ሆርሞን አንሶት ቢሆንስ? ሐኪሟ ደሙን ወሰደች፣ ለብቻውም አነጋገረችው፣ ምንም የጎደለው ነገር እንደሌለም ነገረችው። ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ።

ይህች ሴት በታሪኩ ውስጥ የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ግን ጉዳዩ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው። ከልጁ ጋር ከተቀመጡት አማካሪዎች ሁሉ መካከል የሕክምና ትምህርትና የሥራ ፈቃድ የነበራት እሷ ነበረች። የእሷ መልስ «ጤነኛ ነው» ሆነ፤ ጉዞው ግን አልቀረም። ቤተሰቡ ምርመራውን የፈለገው ለማወቅ ሳይሆን ሰበብ ለማግኘት ስለነበር፣ ሰበብ ሲጠፋ ምርመራው ተረሳ።

ሐኪሟ የተናገረችው የግል አስተያየቷን አልነበረም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች መዝገብ የሰረዘው በ1973 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ተከተለ። የሚያስገርመው፣ ልጁ ሊገባበት የነበረው ላቭ ኢን አክሽን የተባለው ተቋም በካሊፎርኒያ የተመሠረተውም በዚያው በ1973 መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ መዝገቡን በዘጉበት ዓመት እነዚህ ደጃፍ ከፈቱ። ወደ ሜምፊስ የተዛወሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ሜምፊስ

ልጁ የገባው ለሁለት ሳምንት የግምገማ ጊዜ ነበር። ከሁለት ሳምንቱ በኋላ ለወራት፣ ሲያስፈልግም ከዚያ በላይ መቆየት ሊታዘዝ ይችላል። ቀን እዚያ ይውላል፣ ማታ እናቱ ወደተከራየችው የሆቴል ክፍል ይመለሳል። እንደዚህ ያለ ታሪክ ሲነሣ ሰው ሰንሰለትና ጨለማ ክፍል ይጠብቃል። ያ ቦታ ግን ቢሮ ይመስል ነበር፦ ወንበሮች በክብ ተደርድረው፣ የሥራ ሰዓት፣ የደንብ መጽሐፍ፣ የቤት ሥራ። የሚያስፈራው ለዛው እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩን፣ የኪስ ቦርሳውንና የማስታወሻ ደብተሩን አስረከበ። ሠራተኞቹ «ሐሰተኛ ምስል» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ወደ ቀድሞ ማንነት ይመልሳል ብለው የሚጠረጥሩት ልብስ፣ ፎቶግራፍ፣ ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ስም ይወረሳል። ልጁ በደብተሩ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ገጾቹ እፊቱ ተቀደዱ። በደንቡ መሠረት በይፋ ክርስቲያናዊ ያልሆነ ሙዚቃ ክልክል ነው፤ ክልከላው ባኽንና ቤትሆቨንን ይጨምር ነበር። ባኽ በሕይወቱ ትልቁን ክፍል ለቤተ ክርስቲያን ሲጽፍ የኖረ ሰው መሆኑን ደንቡን ያወጣው ሰው ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን?

ፕሮግራሙ የተዋቀረው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር በሚጠቀምበት አሥራ ሁለት ደረጃ አምሳል ነው። ፍቅር እንደ መጠጥ ሱስ ተቆጠረ። ስለዚህ ተሳታፊው በየማታው ከሕይወቱ አንድ «ውድቀት» መርጦ ይጽፋል፣ በማግስቱ በቡድኑ ፊት ያነባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ፣ ፍቅር እንኳ በወጉ ያልጀመረ ልጅ፣ በየቀኑ የሚናዘዘው ኃጢአት ከየት ያመጣል? ካልጻፈ ይደብቃል ይባላል፤ ስለዚህ መፈብረክ ይጀምራል። ያልጠበቁት ውጤት ይህ ነው፦ ስለ እውነት ተብሎ የተመሠረተ ቦታ ዋሾ ያደርጋል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚመስለኝ የዘር ሐረጉ ነው። ተሳታፊዎቹ በትልቅ ወረቀት ላይ በባለ ቀለም እርሳስ የቤተሰባቸውን ሐረግ ይሥላሉ፤ አያት፣ አጎት፣ አክስት። ከዚያ በየስሙ አጠገብ ምልክት ያኖራሉ፤ ለመጠጥ አንድ፣ ለቁማር አንድ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ አንድ፣ ለአእምሮ ሕመም አንድ፣ ለተመሳሳይ ፆታ ፍቅርም አንድ። የልጁ ዝንባሌ ከየትኛው ዘመድ ኃጢአት እንደወረደ ይፈለጋል። በእኛ አገር ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። እዚያ የሚቆጠረው ጥፋተኛ ፍለጋ ነበር። ሐረግ ላይ ሰካራም አጎት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ዘዴው ሁልጊዜ «ይሠራል»፣ ሁልጊዜም አንድ ተወቃሽ ያገኛል። ወላጆች ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት በመጨረሻ የራሳቸውን ክስ ነው። እነሱን የሚደግፍ መስሏቸው ልጃቸውን የሰጡት ፕሮግራም ለተሳታፊዎች የሚያስተምረው ችግሩ የመጣው ከራቀ አባትና ከልክ በላይ ከቀረበች እናት መሆኑን ነበር።

ወንበሩ

ታሪኩ የተሰበረው በአንድ ባዶ ወንበር ላይ ነው። ልጁ ወንበሩ ፊት ተቀምጦ አባቱ በዚያ እንዳለ እንዲያስብና ቁጣውን እንዲጮህበት ታዘዘ። ባዶ ወንበር በሥነ ልቦና ሕክምና የታወቀ ዘዴ ነው፤ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በታካሚው ፍጥነት የሚሠራ። እዚህ ግን የሚፈለገው መልስ አስቀድሞ ተወስኗል፦ ልጁ አባቱን መጥላት አለበት።

ልጁ አባቱን አይጠላም ነበር። ይፈራዋል፣ ያፍረዋል፣ ይወደዋል። እንደማይጠላ ሲናገር ክደሃል ተባለ፤ ቡድኑም እያየው ግፊቱ በረታ። በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ወጣ። ስልኩን ጠይቆ ተቀበለ፣ ወደ እናቱም ደወለ።

እናቲቱ ሆቴል ነበረች፤ መኪናዋን አስነሥታ ደረሰች። ልጁን ከማሳፈሯ በፊት ግን የተቋሙን ሰዎች አንድ ነገር ጠየቀች፦ ይህን ለመሥራት የሚያበቃ ምን ትምህርት አላችሁ? አጥጋቢ መልስ አልነበራቸውም። አንድያ ልጇን ስታስረክብ ያልጠየቀችውን ስትረከብ ጠየቀች። ብዙዎች እናቲቱን በዚህ ይወቅሷታል፤ እኔ በፍርዱ አልቸኩልም። ሚስት ለባሏ፣ ባል ለሰባኪው፣ ሰባኪው ለመጽሐፉ በሚታዘዝበት ቤት ውስጥ ጥያቄ የሚጀምር ሰው ከማንም በፊት ራሱን ማሸነፍ አለበት። ለእሷ ይህ ከአሥር ቀን በላይ ወሰደ። ልጁ ወደዚያ ተቋም አልተመለሰም።

ተቋሙ ምን ሆነ

በማግሥቱ ዓመት፣ በ2005፣ የሜምፊስ አካባቢ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወላጆቹ ወደዚሁ ተቋም የወጣቶች ክፍል ሊልኩት እንደሆነ በይነመረብ ላይ ጻፈ፤ የደንቡንም ዝርዝር አወጣው። በተቋሙ ደጃፍ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ፤ የቴነሲ ግዛት መሥሪያ ቤቶችም መመርመር ጀመሩ።

የምርመራው ውጤት ትኩረት ይገባዋል። የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት በደል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤቱ ግን ተቋሙ ያለ ፈቃድ እየሠራ ነው አለ። ነገሩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ በስምምነት አለቀ። እንግዲህ መንግሥት በተቋሙ ላይ ያገኘው ቀዳዳ እናቲቱ ዓመት ቀደም ብላ በአዳራሹ በር ላይ የጠየቀችው ጥያቄ ነበር።

የተቋሙ የረዥም ጊዜ ዳይሬክተር ራሱም «የተለወጠ» ነኝ የሚል፣ ሚስት ያገባ ሰው ነበር። በ2008 ለቀቀ። በኋላ ለደረሰው ጉዳት ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2011 ደግሞ ዝንባሌው የተለወጠ አንድም ወንድ ገጥሞት እንደማያውቅ ጻፈ። በ2014 የወንድ ጓደኛውን አገባ። ይህን የማነሣው ለመሳቅ አይደለም። ሰውየው ከሃያ ዓመት በላይ የሸጠውን ነገር ራሱ ለብሶት ይኖር ነበር፤ ከተጎጂዎቹ አንዱ እሱ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ይህን መሰል ተቋሞችን ያቀፈውና በ1976 የተመሠረተው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለው ጥላ ድርጅትም በ2013 ይቅርታ ጠይቆ ተዘጋ።

የሠራውና ያልሠራው

ፕሮግራሙ የተገባለትን አልፈጸመም። ልጁ አልተለወጠም። ይህ የእሱ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የሠየመው ግብረ ኃይል ያሉትን ጥናቶች መርምሮ በ2009 ባወጣው ዘገባ፣ ዝንባሌን ለመለወጥ የሚደረጉ ጥረቶች የመሳካት ዕድላቸው አነስተኛ እንደሆነና ለጉዳት እንደሚያጋልጡ ደምድሟል። በ2003 «አንዳንዶች ተለውጠዋል» የሚል ጥናት ያወጡት ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም በ2012 ጥናታቸው ያንን እንደማያረጋግጥ አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። እኚህ ሐኪም በ1973 ስረዛው እንዲደረግ ከደከሙት አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ስህተታቸው ለተቋማቱ ትልቅ ሲሳይ ሆኖ ነበር።

ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ያጠፋው ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጸልይ ነበር። ከሜምፊስ በኋላ መጸለይ አቃተው፤ ለዓመታት። ወላጆቹ የላኩት እምነቱን ለማዳን ነበር።

የአባትየው እርምጃም አልሠራም። ሹመቱን አገኘ፣ ጉባኤም መራ፤ ከልጁ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ለረዥም ጊዜ ሻከረ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ አባትየው ገና የሚለው ሊኖረው ይችላል።

የሠራው ምንድን ነው? የእናቲቱ ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ እዚያው ቢያድር ኖሮ፣ እናቱም አርካንሶ ብትሆን ኖሮ፣ ስልኩን ተቀብሎ የሚደውልለት ሰው በቅርብ አይገኝም ነበር። በየማታው ሲመለስ ታየው ነበር። ፊቱ ከቀን ወደ ቀን ሲጠቁር ያየችው እሷ ነች፤ ደንቡ በውስጥ የሚሠራውን ለወላጅ እንዳይናገር ቢከለክለውም ፊትን የሚከለክል ደንብ የለም። ሲደውል ደግሞ «ትንሽ ታገሥ፣ ሁለት ቀን ነው የቀረው» አላለችም። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይወድቃል፤ የተከፈለው ገንዘብ ያሳዝነዋልና።

ለሌላ ቤተሰብ የሚተርፈው

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ ሙያ ሥልጠና ነው፤ ከላይ ስላየነው አልደግመውም። ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ግምት ያለበት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ይህን «ሕክምና» የሚገድቡ ሕጎች ወጥተዋል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2014፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ግዛት በ2018፣ ቨርጂኒያ በ2020 ሕግ አውጥተዋል። በ2019 የወጣው የኮሎራዶ ሕግ ከንግግር ነፃነት ጋር ይጋጫል ተብሎ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሕጎቹ የሚይዙት ግን ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ነው፤ የሚጠብቁትም ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ነው። የእኛን ጉዳይ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። ሰዎቹም ፈቃድ አልነበራቸውም። ከእነዚህ ሕጎች አንዳቸውም አይደርስለትም ነበር። ፓስተሩ ቢሮ ውስጥ ወይም ሳሎን ውስጥ የሚደረገውንም እንዲሁ ሕጉ አይነካውም።

ያንን ክፍተት በከፊል የሞላ አንድ መንገድ በኒው ጀርሲ ታይቷል። በ2012 ወጣቶችና ሁለት እናቶች ሆነው አንድ ተመሳሳይ ድርጅት ከሰሱ፤ የከሰሱት ግን በሃይማኖትም በሕክምና ስህተትም ሳይሆን በሸማቾች ማጭበርበር ሕግ ነው። ክርክሩ ባጭሩ፦ ለውጥ እንሸጣለን ብላችሁ ገንዘብ ተቀብላችኋል፣ ዕቃው ግን የለም። በ2015 የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪው) ለከሳሾች ፈረዱ፤ ካሳው ወደ 72 ሺህ ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ ለመዘጋት ተስማማ። ጤፍ ሲገዛ አሸዋ ያለበት መሆኑን የሚፈትሽ ሰው፣ ልጁን ሲያስረክብም ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚችል ያሳየ ፍርድ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት በውጭ ላሉ ቤተሰቦቻችን ነው። ልጁ «ሲበላሽ» አገር ቤት ልኮ ማረም የቆየ ሐሳብ ነው፤ አያቱ ዘንድ ይክረም፣ ጸበል ይጠመቅ፣ ይመለሳል። ስለ ጸበል የምለው የለኝም፤ እምነት ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ልጁን በዚህ ምክንያት የሚልክ ወላጅ ምክንያቱን ለዘመድ ሲናገር ጉዳዩ ከቤተሰብ ምስጢርነት ወደ ወንጀል ጥቆማ ሊሸጋገር እንደሚችል ማወቅ አለበት። የሜምፊሱ ልጅ ደውሎ የምትደርስለት እናት በቅርብ ነበረችው፤ ፓስፖርቱ በአጎቱ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት ልጅ ወደ ማን ይደውላል?

አራተኛው፣ «ተቋም አልልከውም፣ እኔው በቤቴ እመክረዋለሁ» ለሚል ወላጅ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተሰብ ተቀባይነት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ከ21 እስከ 25 ዓመት ያሉ 245 ወጣቶችን ስለ ጉርምስናቸው ጠይቀዋል። ሊለውጠው የሞከረ ሰው ከሌላቸው መካከል ራሱን ለማጥፋት የሞከረው 22 በመቶ ነበር። ወላጆቻቸው በቤት ሊለውጧቸው ከሞከሩት መካከል 48 በመቶ። ወላጆቹ ሞክረው፣ በላዩም ወደ ውጭ አማካሪ ወይም ሰባኪ ከተላኩት መካከል 63 በመቶ። ጥናቱ ያለፈን የሚያስታውስ ስለሆነ መንስኤውን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ከቤት የሚጀምረው ግፊት ቀላል ነው የሚለውን ማጽናኛ ግን ይወስድብናል። ልጁ ራሱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ ጊዜ አይሰጠውም፤ ቅድሚያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ነው፣ ወደ እውነተኛው።

እምነቱን የማይለቅ ወላጅ ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ጋር ሲሠሩ ወላጁ አመለካከቱን እንዲለውጥ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጡም፤ የሚያነጋግሩት ስለ ድርጊት ነው። አለማባረር፣ ስም አለመጥራት፣ ከማዕድ አለመለየት፣ ሌላው ዘመድ ሲሰድበው ዝም አለማለት። የአርካንሶው አባት ከሰባክያኑ ይህን ምክር አላገኘም። ያገኘው ወይ ይለወጥ ወይ ይውጣ የሚል ምክር ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ

እናቲቱ ልጇን ከሜምፊስ ስታወጣ ነገሩ አላበቃም። እናትና ልጅ በዚያ መኪና ውስጥ ስላለፉበት ነገር ለዓመታት ብዙም አልተነጋገሩም። ልጁ ትምህርቱን ቀጠለ፣ ሌላ ቦታ ኖረ። እናቱ ከአባቱና ከጉባኤው ጋር ቀረች።

መጽሐፉን ለመጻፍ ሲነሣ ግን ማስታወሻ ደብተሩ ገጾቹ የተቀደዱበት እንደነበር አትርሱ፤ ብዙ ነገር ከአእምሮው ወጥቶበት ነበር። ስለዚህ ወደ እናቱ ሄደና ጠየቃት። ምን ለብሼ ነበር? ስልክ ስደውል ምን አልሁ? አንቺስ ምን አሰብሽ? እሷም ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትታ መለሰችለት። ከመጽሐፉ መውጣት በኋላ ከልጇ ጋር በአደባባይ እየቆመች፣ ያኔ ያደረገችውንና ያላደረገችውን ራሷ ትናገራለች።